ባለበቅሎው ሲመለስ

ጓደኛዬ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ውሸታም አደረገኝ። ያደረገኝም በገዛ ራሱ ውሸት ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን የምጽፈው «ፊልም አይደል እንዴ፣ ምን ያንገበግብሃል?» የሚሉኝ ሰዎች እስከ ዛሬ ስላልጠፉ ነው።

ነፋስ ስልክ ሳጥን መሥሪያ ቤት ስቀጠር ጢሜ ገና እያቆጠቆጠ ነበር። ፊደል የሚባል አላውቅም። ሥራዬ ሚስማር መምታት ነው። ለሳሙና፣ ለጠርሙስ፣ ለብርቱካን የሚሆን የእንጨት ሳጥን እንሠራለን። ጓደኛዬ እዚያው ቤት በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚወጣውን ሳጥን ይመዘግባል። ስድስተኛ ክፍል ደርሶ ያቋረጠ ነው። ያኔ ስድስተኛ ክፍል ቀላል ነገር አልነበረም። እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ይጠጣል ተባለ። ማን አለ? ራሱ ነዋ።

መጽሐፍ የሚያነቡት ሁሉ ረስተውት ይሆናል እንጂ፣ በዚያ ዘመን ፊልም ቤት ከፊት ያለው ርካሽ ወንበር ላይ አንድ ልማድ ነበረ። የፈረንጅ አፍ የማንሰማ ሰዎች፣ ይሰማል የተባለ አንድ ሰው መሀል አስቀምጠን ዙሪያውን እንከባለን። ነጋሪ እንለዋለን። ሥዕሉን እኛ በዓይናችን እናያለን፣ ነገሩን እሱ በጆሯችን ይጨምርልናል። አራት አምስት ነጋሪ ባንድ ጊዜ ሲያወራ ፊት ለፊቱ የገበያ መግቢያ ይመስላል። ጎበዝ ነጋሪ ያለው ረድፍ ሲስቅ፣ ሰነፍ ነጋሪ የደረሰው ረድፍ ዞሮ «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል። ከኔ ጓደኛ የሚበልጥ ነጋሪ አልነበረም። ይህን ዛሬም አልክድም።

የኛ ፊልም ተከታታይ ነበር። አንድ ፈረንጅ በረሃ ለበረሃ የተቀበረ ወርቅና የጠፋ ከተማ ፍለጋ ይዞራል። የሚዞረው ግን በበቅሎ ነው። ፈረስ ሞልቶ በበቅሎ! ለዚህ ነው የወደድነው። ስሙን አስተካክሎ የሚጠራ ስላልተገኘ ባለበቅሎው አልነው። ግራ ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለ፣ ሲራመድ ቀኝ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። አንድ አጭር ጥቁር ሰው በቅሎዋን እየሳበ አብሮት ይሄዳል። አጭሩ ሰውዬ ጉድጓድ ሲገባ ባለበቅሎው ያወጣዋል፣ ባለበቅሎው ሲታሰር አጭሩ ሰውዬ ገመዱን በጥርሱ ይቆርጥለታል። በንጉሡ ጊዜ ሦስት ክፍል መጣ። ሦስቱንም ስንቴ እንዳየሁ አልቆጠርኩም።

«አሁን ምን አለው?» እለዋለሁ።

«አንተን ጥዬ ብሄድ የእናቴ አጥንት ይፋረደኝ አለው።»

ፈረንጅ በእናቱ አጥንት ይምላል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ጥሩ ሰው በሌላ በምን ይምላል? «እሱስ ምን መለሰ?» እላለሁ። «አብረን በላን አብረን እንሙት አለ፣ ዝም በል አሁን፣ ሽፍቶቹ መጡ» ይለኛል። እጁን ይዤ ዝም እላለሁ።

የሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ዓይኔ ላይ አለ። ባለበቅሎው ከአንድ የድኃ መንደር በር ላይ ከበቅሎው ወርዷል። እግሩ ሥር ከረጢት አለ። ከፊቱ አንድ ሽማግሌ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ፊቱ በእንባ ርሷል። ጓደኛዬ ጆሮዬ ሥር እንዲህ አለ፦ «ወርቁን መለሰላቸው። ሽማግሌው እየመረቀው ነው። ዘርህ ይባረክ፣ መንገድህ ይቅና፣ ክፉ አይንካህ ይለዋል።» እኔም አለቀስኩ። ከፊልም ቤቱ እስከ ነፋስ ስልክ በእግራችን ስንመለስ ምርቃቱን ደጋግሜ አስብለው ነበር።

ሰው ከአባቱ፣ ከቄሱ ወይም ከመምህሩ ይማራል። እኔ አባቴን አላስታውስም፣ መምህርም አልነበረኝም። ጓደኛ አይከዳም፣ የሰው ንብረት ይመለሳል የሚለውን የተማርኩት ከባለበቅሎው ነው። አንድ ጊዜ የሳጥን ቤቱ ጌታ ሳጥን ጎደለ ብሎ ጓደኛዬን ሊያባርረው ሲል፣ መዶሻዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «እሱ ከወጣ እኔም ወጣሁ» አልኩት። ጌታው ስቆ ተወን። ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ለሰው ሁሉ «ይሄ ወንድሜ ነው» እያለ ያስተዋውቀኝ ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሳጥን ቤቱ የሕዝብ ሆነ፣ ጌታው የት እንደገባ አልሰማሁም። ፊልም ቤቱ ትራክተርና ሰልፍ ማሳየት ጀመረ። ባለበቅሎው ቀረ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ብለን ጠበቅን። ከዚያ መጠበቁንም ተውነው። እኔ ግን ይዤው ቀረሁ። ምሳ ሰዓት ጣውላው ክምር ላይ ቁጭ ብዬ ለሥራ ጓደኞቼ እነግራለሁ። አንድ ቃል አልጨምርም፣ አንድ ቃል አልቀንስም፤ ጓደኛዬ ጆሮዬ ውስጥ ያስቀመጠውን እንዳለ አወጣለሁ። ሳጥን መቺ ሆኜ የማልታወቅበት ቦታ ሁሉ ባለበቅሎውን የሚነግረው ሰውዬ እየተባልኩ ታወቅሁ። ከዚያ ሌላ ስም ኖሮኝ አያውቅም።

ከሚሰሙኝ አንዷ የእንጨት ብናኝ የምትጠርግ የወላይታ ሴት ነበረች። ከኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ እትዬ እላታለሁ። ጴንጤ ናት። ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየቤቱ ድምፃቸውን ቀንሰው የሚጸልዩበት ጊዜ ነው። ፊልም ቤት ገብታ አታውቅም።

«እኔ ፊልም አላይም፣ አይሆንልኝም» አለችኝ መጀመሪያ ቀን። «አንተ ስትነግረኝ ግን ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ እውነት ከሆነ ኃጢአት የለበትም። እውነት ነው?»

«በዓይኔ ያየሁት ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ንገረኝ።»

ከሁሉ የምትወደው የሽማግሌውን ምርቃት ነው። ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ያንን ምርቃት ቃል በቃል መርቃ እንደሸኘችው ነግራኛለች። ይህ ነገር በልባችሁ ይቀመጥ።

መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ እኔም ተመዘገብኩ። በመጀመሪያው ዙር ወደቅሁ። ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «አንተ ጭንቅላትህ ሚስማር እንጂ ፊደል አይዝም» አለ። ቀልድ ነው። እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን አልሳቅሁም። በዚያው ሰሞን እሱ ከሳጥን ቤቱ ወጥቶ ቀበሌ ገባ፣ ቤቱንም ወደ ጎፋ አዛወረ። የቅስቀሳና የባህል ጉዳይ ኃላፊ ሆነ። ሰው ጓድ ይለው ጀመር። በወር አንዴም መገናኘት አቃተን። እኔ በሦስተኛው ዙር አለፍኩ። ሳጥን ቤት ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለሱ ግን አልነገርኩትም። አንድ ቀን በእጄ ደብዳቤ ጽፌ ላስደነግጠው ነበር ሐሳቤ።

ባለበቅሎው ከቀረ አሥራ አንድ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት ወር፣ ቀበሌ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሥዕል አለበት። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ጠባሳውን አየሁት። ተሻገርኩና ጽሑፉን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ታዋቂው የጀብዱ ፊልም፣ አዲሱ አራተኛ ክፍል፣ እሑድ ከስብሰባ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ፣ ትርጉም በድምፅ ማጉያ ይሰጣል ይላል። ከመማሪያ መጽሐፌ ውጭ አንድ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ስጨርስ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እንደገና አነበብኩት። አንድ ሰውዬ ከኋላዬ «ጨርሰህ ከሆነ ዞር በል» አለኝ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም ማለት ይቻላል። አርጅቶ ይሆን? በሱ ቦታ ሌላ ሰው ያመጡ ይሆን? አጭሩ ሰውዬስ በሕይወት አለ? ትልቅ ሰው ነኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ እንደ ሙሽራ ጸጉሬን ተስተካከልኩ። ሳጥን ቤቱን በሞላ ይዤ ሄድኩ። እትዬ ብቻ ቀረች። «ሰኞ ትነግረኛለህ» አለች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው የመጣ እንግዳ ተቀምጧል። ጓደኛዬ ካኪውን ለብሶ፣ ማይክራፎን ይዞ ከመጋረጃው አጠገብ ቆሟል። ሳየው ደስ አለኝ። ድሮ ለኔ ብቻ በጆሮዬ ይል የነበረውን ዛሬ ለዚህ ሁሉ ሰው ሊል ነው ብዬ ኮራሁ። እጄን አወዛወዝኩለት። አላየኝም፣ ወይም አይቶ ተወኝ።

መብራት ጠፋ። ባለበቅሎው ወጣ። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ጠባሳው የፊቱ መጨማደድ ውስጥ ገብቷል፣ ቀኝ እግሩ ግን ያው ነው፤ እንዳለ ይጎትተዋል። በቅሎዋ ሌላ ናት። እሷንም ይቅር አልኩ። አጭሩ ሰውዬ አለ! አዳራሹ አጨበጨበ። እንደኔ ስንት ሰው ሲጠብቀው እንደኖረ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ፊልሙ ያለፈውን ለማስታወስ ከሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ቆርጦ አሳየ። የመንደሩ በር፣ ከረጢቱ፣ ሽማግሌው። ምርቃቱን በከንፈሬ ጀመርኩ። ማይክራፎኑ ጮኸ።

«ይህ በዝባዥ የሰፊውን ሕዝብ ወርቅ በከረጢት ዘርፎ ሲወጣ ትመለከታላችሁ! ሽማግሌውም እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ እያለቀሰ ይረግመዋል! ዘርህ ይጥፋ፣ መንገድህ እሾህ ይሁን ይለዋል!»

የተቀመጥኩበት ረድፍ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«መረቀው አላልከንም?» አለ መጋዝ ቤት የሚሠራው።

«መርቆት ነው።»

«ይሄ ነው ምርቃት? ሰውየው እየተንሰቀሰቀ?»

«ደስ ብሎት ነው የሚያለቅሰው!»

«ተው እንጂ! ጓድ ቋንቋውን እያወቀ አንተ ልታርመው ነው?»

ሳቁ። እኔ ዓይኔን ከሥዕሉ አልነቀልኩም። ሥዕሉ ያው ነው። ከረጢቱ መሬት ላይ ነው። እያስቀመጠው ነው ብትል ያስቀምጠዋል፣ ሊያነሳው ነው ብትል ሊያነሳው ነው። እጁን የዘረጋ ሽማግሌ ሲመርቅም ሲረግምም አንድ ነው። ያን ዕለት አየሁት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ፊልም እንደ በሽተኛ ነው የተመለከትኩት። በማይክራፎኑ አጭሩ ሰውዬ ወንድሙ ሳይሆን ጭሰኛው ሆነ። ስለ እናት አጥንት የተነሳ የለም። መጨረሻ ላይ አጭሩ ሰውዬ ታሞ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፣ ባለበቅሎው በበቅሎው ብቻውን ወደ አሸዋው ሄደ፣ የበቅሎዋ ጀርባ እያነሰ እያነሰ ጠፋ፣ አለቀ። «ጉልበቱን መጦ ጣለው!» አለ ጓደኛዬ። ውሃ ሊያመጣለት ይሁን፣ ጥሎት ይሁን፣ ሥዕሉ አይናገርም። የከፍተኛው እንግዳ አጨበጨበ፣ አዳራሹም ተከተለው። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ይሄ ነው።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ ስም ወጥቶልኛል። ምርቃት ይሉኛል። «ምርቃት፣ መዶሻ አቀብለኝ።» ሚስማር አለቀ ስል «ባለበቅሎው በከረጢት ይዞልን ይመጣል፣ አትቸኩል» ይላሉ። ሳጥን ተሰበረ ስል «እርግጠኛ ነህ? ወይስ እንደ ፊልሙ ነው?» ይላሉ። ስቄ ልለፈው ብል አልሆነልኝም። ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ ነገር ብቻ ታምኜ ኖሬ፣ እሱን ወሰዱብኝ።

እትዬ አልሳቀችም። እሷ መጥረጊያዋን ይዛ መጣች።

«ውሸት ነው የነገርከኝ?»

«አይደለም፣ እትዬ።»

«ሰው ሁሉ እርግማን ነው ይላል። እኔ ልጄን በምን ሸኘሁት ታዲያ?»

ምሳዋን ይዛ ከጣውላው ክምር ወደ በሩ ሄዳ ብቻዋን በላች። በማግስቱም እንደዚያው። ልጇ ያን ጊዜ ሰሜን ግንባር ነበር፣ ወሬውም ከጠፋ ቆይቷል። ከአዳራሹ ሳቅ ይልቅ እሷ በር ላይ የተቀመጠችው ገደለኝ።

ሐሙስ ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ቀበሌ ሄድኩ። ጓደኛዬ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሳ፣ አቅፎ ሳመኝ። ይህን ልደብቅ አልችልም፤ ከልቡ ነው የሳመኝ።

«ወንድሜ! እሑድ ነበርክ አይደል? እንዴት ነበርኩ?»

«ሽማግሌው መረቀው ነበር ያልከኝ።»

ፈገግታው ትንሽ ቀነሰ። «እሱማ ድሮ ነው።»

«ፊልሙ ያው ነው። የቱ ነው እውነቱ?»

በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተ ሰው፣ ዘመኑን አታውቅም እንዴ? ከላይ ተጽፎ ነው የሚመጣልኝ። የተጻፈውን አነባለሁ፣ አለቀ። ልጆች አሉኝ።»

«ተጽፎ ነው የመጣው?»

«አታምነኝም? ይኸውልህ!» ከመሳቢያው አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣ። ከፊቴ ዘረጋልኝና በጣቱ እያመለከተ፣ ልክ እንደ ድሮው ጆሮዬ አጠገብ ሆኖ ነገረኝ። «እዚህ ጋ፣ በዝባዥ መሆኑ ይነገር ይላል። እዚህ ጋ፣ ሽማግሌው እንደሚረግም ይገለጽ ይላል። ምን ላድርግ ታዲያ?»

ጣቱ ያለበትን መስመር አነበብኩ። ከዚያ በላዩ ያለውን። ከዚያ እስከ ማኅተሙ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ እሱም ያዘንኩ መስሎት ትከሻዬን ይዞ ጠበቀኝ። ወረቀቱ ከፊልሙ በኋላ የአዳራሹ ወንበሮች ተቆጥረው ወደ መጋዘን እንዲመለሱ፣ የፕሮጀክተሩ ገመድ እንዳይረገጥ፣ ሲጋራ እንዳይጨስ ያዛል። ስለ ባለበቅሎው አንድ ቃል የለበትም። ስለ ሽማግሌውም የለበትም።

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። «ወንበሮቹ... ተቆጥረው... ወደ መጋዘን...»

እጁን ከትከሻዬ አነሳ።

«ማንበብ ቻልክ እንዴ?» አለ። «ከመቼ ጀምሮ?»

ይህችን ነው ያላት። ይቅርታ አላለም፣ አልደነገጠም ማለትም አልችልም፣ ግን መጀመሪያ የመጣለት ይህ ነው። ከመቼ ጀምሮ። ማንበቤን ቢነግሩት ኖሮ ሌላ ወረቀት ያወጣ ነበር።

ወጣሁ። መንገድ ላይ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ማንም አላዘዘውም። ፈርቶ ቢሆን ይገባኛል፣ በዚያ ዘመን ያልፈራ የለም፣ እኔም ፈርቻለሁ። እሱ ግን የከፍተኛው እንግዳ ፊት ለፊት ስለተቀመጠ፣ ጭብጨባ ስላማረው፣ ባለበቅሎውን ከራሱ አውጥቶ ሌባ አደረገው። እኔ ስጠይቀው ደግሞ እንደማላነብ ተማምኖ የወንበር ወረቀት ዘረጋልኝ።

የእድራችንን ሰብሳቢና አንድ ሌላ ሽማግሌ ለመንኩ። ሰብሳቢው ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ «እኔ በሚስት፣ በድንበር፣ በከብት ሸምግያለሁ። በፊልም ይሄ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። ቀጥለው ግን «ስም ከሆነ ስም ነው፣ እንሄዳለን» አሉ። ሁለት ጊዜ ሄደው ሥራ በዛብኝ አላቸው። በሦስተኛው እሺ አለ። የወረቀቱን ነገር ለሰው እንዳላወራ ሰግቶ ይሁን፣ አፍሮ ይሁን አላውቅም። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ ምሳ ሰዓት ሳጥን ቤት መጥቶ በሰው ፊት እውነቱን ይናገር።

መጣ። ካኪውን አልለበሰም። ሽማግሌዎቹ ጣውላ ላይ ተቀመጡ፣ ሠራተኛው ከበበ። እትዬ ከበሩ ተነስታ ቀረብ አለች።

«የምርቃቱን ነገር ለሱ የነገርኩት እኔ ነኝ» አለ። «እሱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።»

«ታዲያ እሑድ ለምን እርግማን ነው አልከን?» አለ የመጋዝ ቤቱ ሰው።

ሰብሳቢው «ተናገር፣ ልጄ» አሉት።

«ፈረንጅኛውን አልሰማም። ያኔም አልሰማም ነበር። አንዳንድ ቃል ነው የማውቀው። ያኔም ከሥዕሉ ነው ያወጣሁት፣ አሁንም ከሥዕሉ ነው።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ይህን አልጠበቅሁም ነበር። አንደኛው እውነት፣ አንደኛው ውሸት ነው ብዬ ነበር የመጣሁት። የእናቱን አጥንትም፣ አብረን እንሙትንም፣ የኖርኩበትን ሁሉ፣ አንድ ሳጥን መዝጋቢ ጨለማ ውስጥ የፈጠረው ነው።

እትዬ ወደሱ ዞረች። «ያኔ ስትፈጥረው ለምን ደግ አደረግኸው?»

ወደኔ እያመለከተ «ይሄ ልጅ እጄን ይዞ ይሰማኝ ነበር። ክፉ ማድረግ አልሆነልኝም» አለ።

«አሁንስ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወደኔ መጥታ «አንተ የሰማኸውን ነው የነገርከኝ። አንተ አልዋሸህም» አለች። ቀጥላም «እኔም ልጄን የመረቅሁት እኔው ነኝ፣ ፈረንጁ አይደለም» አለችና መጥረጊያዋን አነሳች።

ሰብሳቢው ቆሙ። «በሉ እንግዲህ፣ ተቃቅፋችሁ ተሳሳሙ።»

እጁን ዘረጋ። እኔ አልዘረጋሁም። ውሸታም የሚለው ስም ከላዬ ይነሳልኝ፣ የጠየቅሁት እሱን ነው፣ ሌላ አልፈልግም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡኝ። የደነደነ ልብ አለህ አሉኝ። ይሁን። ሠራተኛው ከዚያ ወዲያ ምርቃት ብሎ አልጠራኝም፣ ባለበቅሎውንም ንገረን ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም አልነግርም ነበር። እሱ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ በበሩ ወጣ፣ እኔም ወደ ሚስማሬ ተመለስኩ። ይህ የሆነውና ነገሩ ያለቀው ዓርብ፣ ኅዳር 13 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው።